ለልጄ የመረጥኩላት መንፊያ

እኔ እንጀራዬ ንፋስ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ፋብሪካ ኮምፕረሰር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ማሽኖቹ የሚንቀሳቀሱት እኔ በምልክላቸው ንፋስ ነው። የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ መርፌ ትንሽ ዝቅ ካለ ከላይ ስልክ ይደወልልኛል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ማንም ሳይደውልልኝ እኔው እሮጣለሁ። ጓደኞቼ ሲያሾፉብኝ «ደመወዙም ከንፋስ፣ ወሬውም ንፋስ» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ስለ ንፋስ ሊያስተምረኝ የሚሞክር ሰው ሲመጣ ግን አልስቅም ነበር። ይህ ጠባዬ ልጄን አንድ ዓመት አስከፍሏታል።

ልጄ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ድሬ ላይ ሴት ልጅ ብስክሌት ብትነዳ ብርቅ አይደለም፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ እናቷም ሳገባት በብስክሌት ነበር ሥራ የምትሄደው። የኔዋን ግን ሜዳው አልበቃትም። አንድ ክለብ ኮርሳ አዋሳት፤ ያ ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ የውድድር ብስክሌት። በሱ ደንገጎን መውጣት ጀመረች። ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው ዳገት ነው፣ የጭነት መኪና እያቃሰተ የሚወጣው። እኔ አበድኩ። መኪና ይገጭሻል አልኩ፣ ትምህርትሽ አልኩ፣ ሰው ምን ይላል አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ ብስክሌቱን በስሙ አልጠራሁትም። «ያንን ብረት ከበሩ ላይ አንሺልኝ» ነበር የምላት። እሷም አንድ ቀን እንኳ ሳትመልስልኝ ታነሳው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሐረር ለቅሶ ደርሰን በሚኒባስ ስንመለስ ደንገጎ ላይ አየኋት። እኛ ቁልቁል፣ እሷ ሽቅብ። ከመቀመጫው ተነስታ ቆማ ነው የምትነዳው፣ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሹፌሩ ክላክስ አደረገላት። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ የወለደቻት እናት ትባረክ ብለው መረቁ። እኔ አፌን ይዤ ቁጭ። የኔ ናት ማለት ያቅታል እንዴ? አቃተኝ። ስድስት ወር ስሰድበው የኖርኩትን ነገር ሰው ፊት ልኩራበት አፈርኩ። ማታ ቤት ስትገባም አየሁሽ አላልኳትም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የምርጫው ወሬ የመጣው። ለከተማው ቡድን አራት ሴት ልጆች ይመረጣሉ። የገባች ልጅ ምግቧም፣ መኝታዋም፣ ልምምዷም በቡድኑ ነው፤ ክፍለ ሀገር ወጥታ ትወዳደራለች። ልጄ ሌላ ነገር አትፈልግም ነበር፣ ይህንን ብቻ። ፈተናው ከከተማ ተነስቶ ደንገጎ አናት ደርሶ መመለስ ነው። አሠልጣኙ አንድ ደንብ አወጣ፤ ሁሉንም የሚከተል መኪና ስለሌለ እያንዳንዷ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለት ነው፣ እና መንፊያ ይዛ ትውጣ አለ። ይህን ሁሉ እራት ላይ የነገረችው ለእናቷ ነው፤ እኔ እንደ ግድግዳ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«መንፊያውን እኔ እገዛልሻለሁ» አልኩ።

ጉርሻዋን እንደያዘች አየችኝ። እናቷም አየችኝ። ይቅርታ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ዕቃ ይገዛል፤ እኔም የዚያ ዓይነት ሰው ነኝ። ልጄ ገባት መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ እሺ አባዬ አለችኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ እንደ ሕፃን ነው።

ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ የብስክሌት ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ። ሽማግሌ ሶማሌ ነው፤ እኛ ሁላችንም አዴር ነው የምንለው፣ በነሱ ቋንቋ አጎት እንደማለት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አናውቅም፣ በዕድሜ አባቴ ቢሆንም አንተ እንባባላለን። የልጄን ብስክሌት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያይላት እሱ ነው። ነገሩን ነግሬ ምን ልግዛላት አልኩት። ከውኃው ሳፋ ላይ ቀና አለና እጁን ጨርቁ ላይ ጠረገ።

«ስማ ወሪያ፣ ለኮርሳ ጎማ ቀጭን መንፊያ ነው። ወፍራሙ መጀመሪያ ያስቅሃል፣ በኋላ ያስለቅስሃል።»

አስረዳኝ። ወፍራም መንፊያ በአንድ ግፊት ብዙ ንፋስ ይሰጣል፣ ጎማው ባዶ ሳለ ቶሎ ይሞላል፣ ሰውም ደስ ይለዋል። ጎማው እየጠነከረ ሲሄድ ግን መልሶ ይገፋሃል፣ የሴት ልጅ ክንድ ይቅርና የኔም አይችለውም አለ። ቀጭኑ ሦስት መቶ ጊዜ ያስገፋሃል፣ ያሰለችሃል፣ ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ደግሞ ጫፉ ላይ ቱቦ ይኑረው አለኝ፤ በቀጥታ የሚሰካው ስትገፋ ስትስብ ያንን ንፋስ የሚገባበትን ቀጭን ቫልቮላ ከሥሩ ይቀነጥሰዋል። ይህን ብሎ ከምስማር ላይ የራሱን አወረደ። አንድ ክንድ የሚሆን፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ መንፊያ ነው። እሱ ራሱ ወጣት ሳለ ይዞት ይነዳ ነበር። እስከ ፈተናው ትያዘው አለኝ።

እንዴት እንደከፋኝ! ልጄ በፕላስተር የተጠቀለለ ዕቃ ይዛ ለምርጫ ትቅረብ? ደግሞ ካላማዳሪያ የሚለጥፍ ሰው ለኔ ንፋስ ያስተምራል? በአፌ አመስግኜው አዲስ ነው የምገዛላት አልኩት። እሱም አልተጫነኝም፣ መልሶ ሰቀለው።

ታይዋን የምንለው ገበያ ሄድኩ። ከልብሱና ከስልኩ መደዳ ዘልቆ የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ሻጩ ሦስት ዓይነት ባንኮኒው ላይ አደረገልኝ። አንዱ በእግር የሚረገጥ ትልቅ ነው፣ እሱን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ የለም። አንዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ቱቦው ጎኑ ላይ የተጠቀለለ፤ አዴር ያለው ቁርጥ እሱ ነው፤ መልኩ ግን የጤና ጣቢያ ዕቃ ይመስላል። ሦስተኛዋ ብርማ ናት። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ከመዳፍ ብዙም የማትረዝም፣ ከብስክሌቱ አካል ላይ የምትታሰርበት የራሷ ማቀፊያ ያላት። ጎኗ ላይ 120 የሚል ቁጥር ተቀርጿል።

ቁጥሩ በፈረንጁ መለኪያ ነው፣ በኛ ጌጅ ወደ ስምንት ይጠጋል። የልጄ ጎማ የሚፈልገው ሰባት ነው። እንግዲህ ይበቃል አልኩ። አሁን ይህን የሚያነብ ባለሙያ ይስቅብኛል፣ መሳቅም አለበት። ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር ዕቃው ሳይፈነዳ የሚችለውን ነው የሚናገረው፤ የሰው ክንድ የሚችለውን አይናገርም። ግፊቱ ያው ሆኖ የሚገፋበት ቦታ ሲሰፋ ጉልበት ይበዛል፤ ይህን በሥራ ቦታዬ ለስንት አዲስ ሠራተኛ ጠመኔ ይዤ አስተምሬአለሁ። ጥቁሩን ብገዛ ግን አዴር ልክ ነበር ማለት ነው። ብርማዋ ደግሞ ስታምር! ልጄ ስትከፍታት ፊቷ ታየኝ። ብርማዋን ገዛሁ።

ፊቷም እንዳሰብኩት ሆነ። አገላብጣ አየቻት፣ ለእናቷ አሳየች፣ ያኔውኑ ብስክሌቷ ላይ አሰረቻት። ግን አንድ ነገር አለች፣ እንዲያው ቀለል አድርጋ፤ አዴር የሱን ላውስሽ ብሎኝ ነበር፣ ሁለቱንም ይዤ ልሂድ ይሆን? አለችኝ። ምን ያደርግልሻል፣ ይቺ አትበቃሽም? አልኳት። ድምፄ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማች መሰለኝ፣ ትበቃኛለች አባዬ ብላ ተወችው።

ፈተናው እሑድ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ልጄ ተኝታለች፣ እናቷ ሥራ ናት። ብስክሌቷ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ጥላው ከላዩ ሸሽቶ ፀሐይ ጎማው ላይ ወጥታለች። ድሬ ያደገ ሰው ብስክሌት ፀሐይ ላይ ካየ ጎማውን ትንሽ ተንፈስ ያደርጋል፤ አለዚያ በሙቀቱ ይፈነዳል እንላለን፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እጃችን የለመደው ነው። እኔም ሳላስበው ቫልቮላውን ፈትቼ ጫን አልኩት። የኮርሳ ጎማ ግን እንደኛ የድሮ ጎማ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ፊስስ ብሎ ብዙ ሄደ። በአውራ ጣቴ ብጫነው ገባ ይላል። እንኳን ሆነ አልኩ፣ መንፊያዋን ልሞክራት።

መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር። ሃያ ገፋሁ፣ አርባ ገፋሁ፣ ጎማው ይሞላል። ከዚያ እየከበደ መጣ። ስድሳ ላይ በሁለት እጄ ያዝኳት። ሰማንያ ላይ መንፊያዋን ደረቴ ላይ ደግፌ በሰውነቴ ክብደት ተጫንኳት፣ ብረቷ ግላ መዳፌን አቃጠለችኝ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንድ መቶ ላይ እጀታዋ ወደ ውስጥ መግባት እምቢ አለች። ጫን ስላት መልሳ ትገፋኛለች። ከሥራ ይዤው በመጣሁት ትንሽ ጌጅ ለካሁት። አራት።

አረፍ ብዬ ደገምኩ። አራት። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፣ መርፌው አራትን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።

እንግዲህ ያኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? ሦስት ነገር። ገብቼ ልጄን ቀስቅሼ ይቺ መንፊያ አትሆንም ማለት። ደቻቱ ዳር ሄጄ አዴርን ያንን አውሰኝ ማለት። ታይዋንም ወደ ማታ ይከፈታል፣ ጥቁሩን ገዝቼ መመለስ። ሦስቱም ቀላል ነበሩ። ሦስቱም ግን ተሳሳትኩ የሚል ቃል ነበረባቸው። ይህን ቃል ከአፌ ከማወጣ ጥርሴን ባወጣ ይቀለኛል። ደግሞ ለራሴ አወራሁ፤ ካልተበሳባት መንፊያ ምን ይሠራላታል? ነገ ብቻ ነው፣ በሰላም ወጥታ ትመለሳለች፣ ሰኞ ጥቁሩን እገዛላታለሁ አልኩ።

ብስክሌቱን ይዤ ወጣሁ። አዴር ዘንድ አይደለም። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ፣ ኮምፕረሰር ያለው የመኪና ጎሚስታ አለ፤ ለቀጭኑ ቫልቮላ የሚሆን ማጋቢያም ነበረው። ሰባት አስሞላሁት። እንደ ሌባ ግቢ መልሼ ጥላ ውስጥ አቆምኩት። ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዓይኗን እያሸች ወጣች፣ እንደ ልማዷ ጎማውን በጣቷ ተጫነች።

«አባዬ፣ ነፋህልኝ? በዚያች ነው?»

«በዚያችው» አልኳት።

ጉንጬን ሳመችኝ። ያ መሳም እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እሑድ ጠዋት መድረሻው ላይ ቆሜ ለሚሰማኝ ሁሉ ልጄ እዚህ ውስጥ ናት እያልኩ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ የዋጥኩትን ሁሉ ያን ቀን ልተፋው ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ መጣች። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ መጡ። ከዚያ አምስተኛዋ። የኔዋ የለችም። ፀሐዩ እየከረረ ሲመጣ ሰዉ ተበተነ። አሠልጣኙ፣ እኔና ሁለት የልጅ እናቶች ብቻ ስንቀር ብስክሌቷን እየገፋች በእግሯ መጣች። የብስክሌት ጫማው አላራምዳት ብሎ አውልቃ እጀታው ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ካልሲዋ ተቀዶ ተረከዟ ደም አዝሏል። መኪኖች ቆመውላት አልሳፈርም ብላ ነው።

የሆነውን ለአሠልጣኙ ስትነግር እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ። ደንገጎ አናት ላይ ሁለተኛ ሆና ነበር የዞረችው። እዚያው መዞሪያው ላይ የግራር እሾህ የኋላ ጎማዋን በሳው። ወርዳ ካላማዳሪያውን ቶሎ ቀየረች። ከዚያ መንፋት ጀመረች። አራት መቶ ድረስ ቆጥሬአለሁ አለች፣ ግን እጀታዋ ግማሽ ላይ እየቆመች ጎማው አልጠነክር አለ። ልጆቹ እያለፏት ሲሄዱ እንዲሁ ወጣችና ቁልቁል ነዳች። አንድ ጉድጓድ ላይ የላላው ጎማ በቸርኬው ብረት ተነከሰ፣ ንፋሱ ወጣ። ሌላ ካላማዳሪያ የላትም።

«እጄ ነው ኮች» አለች። «ክንዴ ደክሞ ነው፣ በደንብ ሳልነፋው ቀረሁ።»

አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እግርሽ ደርሷል፣ ክንድሽ ላይ ሥሪ፣ ለከርሞ ያድርሰን አላት። እኔ ቀረብ ብዬ አይዞሽ አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። አቦ፣ ሰው እንዴት በቁሙ እንዲህ ይሆናል!

በማግሥቱ አዴር ዘንድ አብረን ሄድን። ካላማዳሪያውን ውኃ ውስጥ ነከረው፣ አረፋው በሁለት ቦታ ወጣ፤ ጎን ለጎን፣ እኩል፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ። ይሄ እሾህ አይደለም፣ ይሄ ንፋስ ያነሰው ጎማ ነው አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ብስክሌቷ ላይ የታሰረችውን ብርማ መንፊያ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ልጄ ለሱም ያንኑ ነገረችው፣ ክንዴ ደክሞ ነው አዴር አለችው። ካላማዳሪያውን ከውኃው አውጥቶ ማድረቅ ጀመረ። እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ቃል ብቻ አለኝ።

«ንገራት።»

እሺ አልኩት፣ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ በሱ በኩል ማለፍ ተውኩ። ደቻቱን የምሻገረው በላይኛው ድልድይ ሆነ፤ ወደ ሥራ ስሄድ ዙር ነው፣ ሃያ ደቂቃ ያስጨምረኛል። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ማልደህ የምትወጣው ስትለኝ ለጤናዬ ብዬ ነው በእግሬ የምሄደው አልኳት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ወንድም እህት ይወልዳል።

ልጄ ደግሞ ሥራዋን ጀመረች። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና ከኔና ከእናቷ ክፍል ግድግዳ ባሻገር ፑሽ አፕ ትሠራለች። ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ስምንት ላይ ትቆም ነበር። በሁለተኛው ወር ሃያ አምስት ደረሰች። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ይሰማኛል፣ በመካከሉ የምታወጣው ትንፋሽ ሳይቀር። እናቷ በጨለማው ውስጥ ትስቅና ያንተው ልጅ አይደለች፣ እልኸኛ ናት ትለኛለች። እኔ አውቆ የተኛ ሰው ሆኜ እተነፍሳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ቤት ንጋቱ ሲጠራ እውነቱ ይደበቃል።

የሚገርመው መንፊያዋን እንዴት እንደያዘቻት ነው። ከልምምድ በተመለሰች ቁጥር በጨርቅ ትወለውላታለች። አንድ ቀን ጓደኛዋ ለምን ሌላ አትገዢም ስትላት ሰማሁ። አባቴ ነው የገዛልኝ፣ ችግሩ ከሷ አይደለም ከኔ ነው አለቻት። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ተመልሼ ገባሁ። ያን ቀን ልነግራት ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ፣ ማታ ላይ ነገ አልኩ። ነገውም ነገ ወለደ። ወራቱ እንዲህ እየሆነ ሄደ፣ ቁጥሩም ስልሳ ገባ።

ቀጣዩ ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። «አባዬ፣ ያንን ጌጅህን ከሥራ አምጣልኝ፤ ክንዴ የት እንደደረሰ ልየው» አለችኝ። ረሳሁ አልኳት። በማግሥቱም ረሳሁ አልኳት። በሦስተኛው ቀን የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ «ጌጅ» የሚል ወረቀት ጽፋ ከታ አገኘሁ። አመጣሁ።

ግቢ ውስጥ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አስተነፈሰችና ተንበርክካ ጀመረች። ክንዷ የድሮው ክንድ አይደለም፣ ጡንቻው ይታያል። መቶውን በቀላሉ አለፈች። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ ላይ ጥርሷን ነከሰች። የአንገቷ ሥር ተገተረ። መቶ አርባ ላይ እጀታዋ ቆመች፣ ልጄም እጀታዋ ላይ እንደ ተደገፈች ቆመች። ነቅላ ለካችው። አራት ተኩል።

ጌጁን ወደ ዓይኗ አስጠግታ መርፌውን አየችው። ከዚያ ለራሷ «ገና ነኝ» አለች።

ይህን ግን መሸከም አልቻልኩም።

«እጅሽ አይደለም» አልኳት። «መንፊያዋ ናት። ከፈተናው በፊት ቅዳሜ ዕለት እኔም ሞክሬአታለሁ። አራት ላይ ቆመችብኝ። ያን ቀን ጎማሽን ያስሞላሁት ጎሚስታ ወስጄ ነው።»

ቀና አላለችም። እኔም የጀመርኩትን ጨረስኩ፤ አዴር ምን እንዳለኝ፣ ታይዋን ላይ ጥቁሩን አይቼ እንደተውኩት፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ለምን ዝም እንዳልኩ ስናገር ለራሴው ጆሮ የልጅ ነገር መሰለኝ። ይቅር በይኝ አልኩ። ይህን ቃል በሃምሳ ዓመቴ ለልጄ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፣ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

«ያኔ እኔ የት ነበርኩ?» አለች።

«ተኝተሽ።»

«ብትቀሰቅሰኝ የአዴርን ይዤ እሄድ ነበር» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ አልጮኸችም። ደግሞ «አዴር ያውቃል?» አለችኝ። አዎ፣ ያን ጊዜውኑ ነው ያወቀው አልኳት። «እንግዲህ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችና ተነሳች። ብርማዋን ከማቀፊያዋ ጋር ፈታች፣ ወለወለቻት፣ ሳሎን ገብታ ጠረጴዛው ላይ እኔ በምቀመጥበት በኩል አስቀመጠቻት። ከዚያ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ወደ ደቻቱ ነው የሄደችው።

በማግሥቱ ማለዳ ነቅቼ ጠበቅሁ። ቁጥር የለም። እናቷ ዛሬ ምን ሆና ነው አለች፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያ አሥራ አንድ ወር ያሳመመኝ ቆጠራ ሲቀር ደግሞ ባሰብኝ። ሁለት ቀን እንዲያ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ተጀመረ፣ ሰባ ድረስም ሄደ። ለምን እንደምትሠራ አልጠየቅኳትም። ያን ቀን በታችኛው ድልድይ አልፌ አዴር ዘንድ ቆምኩ። አዴር ነገርኩህ እኮ አላለኝም፤ በርጩማ ሰጥቶኝ ሻይ አዘዘልኝ።

ሁለተኛውን ፈተና አለፈች፣ ሦስተኛ ሆና። አሁን ቡድኑ ጋር ናት፣ በሳምንት አንዴ ትደውላለች፣ ከኔም ጋር እንደ ድሮው ትቀልዳለች። ተቀይማኝ ቀርታ ቢሆን ምናልባት ይቀለኝ ነበር። እኔ የማልረሳው ግን ያንን የፈተና ዕለት ጠዋት ነው። የአዴር ረጅም መንፊያ ብስክሌቷ ላይ ታስሯል፣ እጀታው በአዲስ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ጎማውን በዚያ የነፋችው ብስክሌት ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኔ ለማገዝ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጥሩ ነው አልኳት።

«አይ አባዬ፣ በጌጁ» አለችኝ።

ጌጁን ቫልቮላው ላይ ሰካሁ። መርፌው ተነስቶ ቆመ። ሰባት ነው አልኳት። እሺ አለችኝ፣ አጠገቤ ተንበረከከችና ራሷ አየችው።